የዝዋይ አሸዋና የጎረቤቴ ጉልበት

አሸዋ እሰበስባለሁ ስል ሰው ሁሉ ቤት መሥራት የጀመርኩ ይመስለዋል። በዚህ ከተማ አሸዋ የሚከበረው በገልባጭ መኪና ሲመጣ ነው። የእኔ የሚመጣው በፔኒሲሊን ብልቃጥ ነው። ከሰንጋ ተራ ግንባታ፣ ከአዋሽ ዳር፣ ከሄድኩበት ሁሉ ቆንጥሬ አመጣና ብልቃጡ ላይ የቦታውን ስም ጽፌ ከመጻሕፍቴ ፊት አቆመዋለሁ። እሑድ ጠዋት፣ ሰፈሩ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ በማጉያ መነጽር አየዋለሁ። ከኋላ ከተደረደሩት መጻሕፍት አብዛኞቹ ይህን ያህል አላቆዩኝም።

ከሁሉ የምወደው የዝዋዩን ነበር። ግማሹ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ብርጭቆ ነው፤ ጠርዙ ምላጭ ነው።

ኮንዶሚኒየማችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ ጀሪካኖቼን እንዲሞሉልኝ ቁልፌን የምተወው ፊት ለፊቴ ለሚኖሩት፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ባልቴት ነው። እማማ ነው የምላቸው። አንድ ቀን የዝዋዩ ብልቃጥ ጎድሎ አገኘሁት። በማግስቱ እማማ ጉልበታቸውን በጨርቅ አስረው ሲያነክሱ አየኋቸው።

«ባሰብዎት እንዴ?»

«አንተ ተንኮለኛ፣ ሰው ፊት አላምንም ትላለህ፣ ቤትህ ግን እምነት ደርድረሃል» አሉኝ። «ከዝዋዩ ቆንጥሬ ተቀባሁ። ሲያቃጥለኝ፣ እየሠራ ነው ብዬ አሸት አሸት አደረግሁት።»

እምነት የሚሉት ከገዳም አምጥተው ሕመም ላይ የሚቀቡትን አመድና አፈር ነው። ዝዋይ ሐይቅ ደሴት ላይ ገዳም አለ። እኔ ደግሞ ብልቃጡ ላይ የጻፍኩት «ዝዋይ» ብቻ ነበር።

ጨርቁን ስፈታው ቆዳቸው ተፋፍቆ ደም አቅርሯል። ከእንዲህ ያለው ነገር ጋር ስንት ዓመት በጽሑፍ ተከራክሬያለሁ። አሁን ክርክሩ በገዛ እግሩ ደጄ ድረስ ሲመጣ ወኔው ጠፋኝ። ግን ዝም ካልኩ ነገም ያሹታል።

«እማማ፣ ይሄ እምነት አይደለም። ከዓሣ አጥማጆች ጀልባ ሥር የዘገንኩት አሸዋ ነው።»

«ወደ ገዳሙ የሚሻገሩት በጀልባ አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያ መነኮሳቱ ሲወርዱ ሲወጡ የሚረግጡት እሱን አይደለም?»

«በጫማ ነው የሚረግጡት።»

«ለዚህ ነዋ እነሱን ያልቆረጣቸው።»

ራሳቸው በሞሉት ጀሪካን ጉልበታቸውን አጠብኩ፤ ከዚያ በማጉያዬ እያየሁ ቆዳቸው ውስጥ የቀሩትን ቅንጣቶች በወረንጦ አንድ በአንድ ለቀምኩ። ቁስሉ እስኪደርቅ ምንም ላይቀቡ ቃል አስገባኋቸው።

ቃላቸውን ጠበቁ። ቁስሉ ሲደርቅ ግን ከልደታ ያመጧትን እምነት በላስቲክ ቋጥረው በሬን አንኳኩ።

«ይቺን በመነጽርህ እይልኝ። ስለት ከሌላት ልቀባ።»

ወረቀት ላይ በተንኳት። አመድ ነው፣ ትንሽ ቀይ አፈር አለው፣ ሦስት የአሸዋ ቅንጣቶችም ገብተውበታል። እማማ ትንፋሻቸውን ይዘው አናቴ ላይ ቆመዋል። ወረቀቱን አዙሬ ደግሜ አየሁ። ሦስቱም ድቡልቡል ናቸው።

«ይቀቡ፣ እማማ» አልኩ።