የአባ ኦሊ የባሕር ትሎች

ልጅ ሳለሁ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ከግቢያችን ፊት ለፊት አባ ኦሊ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን አሰብ፣ ጀልባ ላይ ጨርሰው ጅማ የተመለሱት ለእርጅና ነው። ያኔ ክረምት ሲገባ አመሻሹ ላይ በቡና ገለባ ፍም ዙሪያ ይሰበስቡንና፣ ጭሱ እያስለቀሰን፣ ፋኖሱ ጥላቸውን ግድግዳው ላይ እያገዘፈው፣ ስለ ባሕር ትል ያወሩልን ነበር። ትል ሲሉ በሳቅ እንፈነዳለን፤ የእኔ ሳቅማ ያኔም አሁንም መርካቶ ድረስ ይሰማል።

«ሳቁ፣ ያ ኢጆሌ፣ ሳቁ ልጆቼ» ይሉናል። «ድንጋይ ውስጥ የሚኖር አለ፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ እንደ አበባ ይፈካል። ጥላችሁ ካረፈበት እልም ነው። ደግሞ ጠጉሩ እንደ ወርቅ ክር የሚያበራ አለ። ነጭ ጠጉር ያለውን ግን እንዳትነኩ፤ ቆዳ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ተሰብሮ ያቃጥላል።»

አንድ ቀን ቡና ተክላችን ላይ ጠጉራም አባጨጓሬ አገኘሁ። እንደ ባሕሩ ትል ይፈካል ብዬ፣ በቅጠል አንስቼ ታናሽ እህቴ መዳፍ ላይ አኖርኩት። በዚያው እጇ ዓይኗን አሸችና ፊቷ አበጠ። እማዬ አርጩሜ ስታነሳ ጊዜ «አባ ኦሊ ንኩት፣ አይጎዳም ብለውን ነው» አልኩ።

እየጎተተች ወሰደችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

«በዚህ ዕድሜዎ ልጅ ያታልላሉ? የሚያብብ ትል የት አገር ነው ያለው?» አለች እማዬ።

«ንኩት አላልኩም፣ ወላሂ ይበሉና እንመንዎት» አለ ከጎረቤቱ አንዱ።

ቢምሉ ውሸታሟ እኔ ልሆን ነው። አባ ኦሊ አዩኝ፤ ብዙ አዩኝ። እኔ፣ ምላሴ አርፎ የማያውቀው፣ መሬት መሬት አየሁ። «ልጅቷን አታስጨንቋት» ብለው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ፍሙ ዙሪያ አልጠሩንም፤ ውሸታሙ ሽማግሌ እንደተባሉ ሞቱ።

በቀደም የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። «አክስቴ፣ ይሄ ትል ነው ቢሉሽ ታምኛለሽ?» በቪዲዮው ድንጋይ ላይ ቀዩም ሰማያዊውም ፈክቶ፣ የአንድ ዋናተኛ ጥላ ሲያርፍበት እልም አለ።

«ትል አይታ የምታለቅስ አክስት ደግሞ ለእኔ ደረሰችኝ» ብላ ሳቀች።

የዚያኑ ዕለት ማታ ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ እሳቸው አይሰሙሽ» አለች።

ያን አተያያቸውን ዕድሜዬን ሙሉ ቁጣ ነው እያልኩ ኖርኩ። አልነበረም፤ እንድናገር ጊዜ እየሰጡኝ ነበር። ትሎቹን አሁን ማንም በስልኩ ያያቸዋል። እኔ ጋ የቀረው ያ ጊዜ ነው፤ ረጅም ነበር፣ ለአንድ ቃል ይበቃ ነበር።