ያበላሸሁት የጠመንጃ ቱቦ

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ሳሮን ለአየር ጠመንጃዋ የገዛችውን አዲስ ቱቦ ይዛ ጆበርግ (ጆሃንስበርግ)፣ ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጣች። የቱቦውን አፍ በጣቷ እየዳሰሰች፣ "አክስቴ፣ ጫፉ ትንሽ ሻካራ ነው፤ በድሪል ላስነካው?" አለችኝ።

"እንዳትነኪው!" ብዬ ጮህኩ። እሷም ደነገጠች፤ እኔም በራሴ ድምፅ ደነገጥኩ።

ያስጮኸኝ ከብዙ ዓመት በፊት በራሴ እጅ የሠራሁት ጥፋት ነው። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጀፕ በሚባለው የጆበርግ የሐበሻ ገበያ ውስጥ፣ በወንድሜ ሱቅ ብርድ ልብስ እሸጥ ነበር። መስኮት በሌለው ክፍል ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ስውል እግሬ አያርፍም፤ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እጀምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከሱቃችን ፊት ለፊት መጋረጃ የሚሸጡት የሆሳዕናው ሰው፣ ጋሽ ማርቆስ፣ ባኪ በሚሏት ፒክአፕ መኪናቸው ይወስዱኝና ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የተኩስ ሜዳ እንሄዳለን። ክረምት ነበር፤ ዝናብ የማያውቀው የጆበርግ ክረምት፣ ቢጫ ሣር በውርጭ የሚንኮሻኮሽበት። መንገድ ላይ ትኩስ ማግዊኛ እንገዛለን፤ የተጠበሰው ሊጥ ወረቀቱን አልፎ ጭኔን ያሞቀኝ ነበር።

ጋሽ ማርቆስ የሚተኩሱት ስላግ ነው፤ ከተለመደችው የአየር ጠመንጃ ጥይት ረዘምና ከበድ የምትል እርሳስ። ስላግ ደግሞ ቱቦ ትመርጣለች። ሦስት ቱቦ አስመጥተው በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ ስላግ በቀጭን ዘንግ ቀስ አድርገው እየገፉ፣ የት እንደምትላላ፣ የት እንደምትጠብቅ በእጃቸው አዳመጡ። ከዳር እስከ ዳር እኩል የያዛትን መረጡ። ከዚያ ለሁለት ወር፣ አንድ ቅዳሜ የአየሩን ግፊት፣ ሌላ ቅዳሜ የስላጓን ክብደት እየለወጡ ሞከሩ።

"ሁለቱንም አብረን ለውጠን እንገላገል" ስላቸው፣

"ታዲያ የትኛው እንደረዳን በምን እናውቃለን?" ይሉኛል።

በመጨረሻ ከሃምሳ ሜትር አምስት ስላግ የጠርሙስ ክዳን በምታክል ቦታ አሳረፉ።

አንድ ሰሞን ለለቅሶ ደርባን ሲሄዱ ጠመንጃውን እንዳጸዳላቸው ተዉልኝ። ማጽዳቱ ብቻ አልበቃኝም። የቱቦው አፍ ቢለሰልስ ይበልጥ ይመታል ብዬ ማለስለሻ ቀባሁና በድሪል ገባሁበት። ድሪሉ ተንሸራተተ፤ የአፉ አንድ ጎን ተበላ። ዘይት ቀብቼ መለስኩላቸው። ምንም አልተናገርኩም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስላጎቹ ተበታተኑ። ጋሽ ማርቆስ ግፊቱን ለወጡ፤ ክብደቱን ለወጡ፤ መነጽራቸውን ደጋግመው ጠረጉ። በሁለተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው፣ ስንመለስ መኪናውን ዳር አቆሙ።

"ዓይኔ ደክሟል። ጠመንጃውን አንቺ ውሰጂው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ዓይንዎ አይደለም" አልኩ። "የቱቦውን አፍ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

ሞተሩን አጠፉ።

"ሸመገልኩ ብዬ ለልጆቼ ነግሬያቸው ነበር እኮ" አሉ።

አንድ የቶርኖ ባለሙያ ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ቆርጦ አፉን እንደ አዲስ አስተካከለው። ስላጎቹም እንደ ቀድሞው አንድ ቦታ ያርፉ ጀመር። ጋሽ ማርቆስ አላባረሩኝም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ወሰዱኝ። ግን ጥሩ አድርገው ተኩሰው እንኳ ወደ እኔ ዞር ይሉና፣ "መታሁ እንዴ?" ይሉኛል። ከዚያ በፊት እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ይህን ለሳሮን ስነግራት፣ "ቱቦው ተሠራ አይደል እንዴ?" አለችኝ። አዎ፣ ተሠርቷል። ዛሬም አላስቀምጥ የሚለኝ ሌላ ነው፦ አንድ ሰው በገዛ ዓይኑ ላይ እምነት ሲያጣ፣ ሦስት ቅዳሜ ከጎኑ ተቀምጬ፣ ማግዊኛዬን እየበላሁ ዝም ማለቴ።