ውሻው የሚቆምበት ቦታ

ሰውየው ዛሬም በተተኮሰ ሸሚዙ፣ የውሻውን የቆዳ ገመድ መዳፉ ላይ ጠምጥሞ ወደ ማሰልጠኛው ሜዳ መጣ። ገና ሳየው ደሜ ይፈላል። ውሻውን ይፈታውና ይጠራዋል፤ ሲዘገይበት የስድብ ናዳ ያወርድበታል። ምስኪኑ ጭራውን ሸጉጦ እግሩ ስር ሲደርስለት ደግሞ በገመዱ ጫፍ ይሸነቁጠዋል።

አሰልጣኟ አላስችላት አለ። «ኧረ ስለ ፈጣሪ! ሲመጣ አይምቱት! እርስዎ እኮ የሚቀጡት መምጣቱን ነው።»

«የናቀኝን ልሸልመው እንዴ፣ ልጄ?» ብሎ ሳቀባት። «እኔ ቤት ማንም ሁለቴ አይጠራም።»

ውሻው አሁን ሲጠራ ይመጣል። ግን የሰውየው እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ ሲሆን ቀጥ ይላል፤ ወይ ፍንክች!

«ደነዝ!» ይለዋል።

ደነዝ ቢሆንማ ኖሮ እጁ ስር ይገባለት ነበር!

ሊሄድ ሲል፣ አጥሩ ጥግ ኮቱን ታቅፋ ስትጠብቀው የቆየችውን ሚስቱን ጠራት። ሁለቴ ሳይጠራት «አቤት» ብላ ተነሣች። እየተጣደፈች መጣችና ውሻው አጠገብ ስትደርስ ቀጥ አለች። የሁለቱም ዓይን እጁ ላይ ነበር።