ቼንሳ ስታንሾካሹክ

ዊስቲን ፕሳይላ በዕድሜው አንድም ዘፈን ወዶ አያውቅም ይባላል። ይህን የሚሉት ጠላቶቹ አይደሉም፤ ራሱ የሚኮራበት ነገር ነው። ግንቦት ላይ የአውሮፓ ሀገሮች በቴሌቪዥን በዘፈን የሚወዳደሩበት ቅዳሜ ሲደርስ፣ በማልታ የሐል ቡሌት መንደር ሰው የየቤቱን ቴሌቪዥን አጥፍቶ ወደ መንደሩ ሙዚቃ ባንድ ክበብ ይጎርፍ ነበር። ዘፈኑን ሊሰማ ግን አልነበረም፤ ዊስቲን ዘፋኞቹን አንድ በአንድ በምላሱ ሲያርዳቸው ሊያይ ነበር።

ወንበሩ የታወቀ ነው፤ ከባንኮኒው በስተግራ፣ ከመንደሩ ቅዱስ ሥዕል ሥር። በቀኙ የሚስቱ የቼንሳ ወንበር አለ። ቼንሳ ከባሏ በቀር ከሰው ጋር ብዙ የማታወራ፣ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ የምትይዝ ቀጭን ሴት ነበረች። በየዘፈኑ መሀል ወደ ባሏ ቀኝ ጆሮ ጠጋ ትላለች። ዊስቲን ፊቱን ያኮሳትርና ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ ፍርዱን ያወርዳል።

ጥርሱ የሚያብለጨልጭ የስዊድን ጎረምሳ መድረክ ሲወጣ፣ “ይሄ ልጅ የሚዘፍነው በጥርሱ ነው፤ ጉሮሮውን እናቱ ቤት ረስቶት መጥቷል!” ብሏል። ፀጉሯን ማራገቢያ የሚያውለበልብላት ዘፋኝ ስትመጣ፣ “ማራገቢያውን ንቀሉት፣ ዘፈኑም አብሮ ይጠፋል!” ብሏል። ስለ ሰላም እያነባ የዘፈነውን ሰውዬ፣ “ሬሳ የጠፋበት አልቃሽ! ሰላም ሰላም እያለ የኔን ሰላም ወሰደው” ብሎ ሸኝቶታል። ግሪክና ቆጵሮስ እንደ ልማዳቸው ትልቁን ነጥብ ሲሰጣጡ፣ “ያንኑ አንድ ሳህን ብስኩት በየበዓሉ የሚላላኩ እህትማማቾች! ብስኩቱን እስካሁን የቀመሰው የለም” ያለው ዛሬም ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ይጠቀሳል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያብጠለጥለው የገዛ ሀገሩን የማልታን ዘፈን ነበር። “ባዕድ ከሚሰድባት እኛ እንቅደም፤ ለምዳው ትሂድ” ይላል። ነጥብ መቁጠር ሲጀመር ግን ቼንሳ የባሏን የእጅ አንጓ በጥፍሯ ጨምድዳ ትይዘዋለች፤ ማልታ በተጠራች ቁጥር ጥፍሩ ይጠልቃል። በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ ላይ የዊስቲን አንጓ አራት ቀይ ጨረቃ ይዞ ይታይ ነበር።

ከእነዚያ ቃላት አንዱም የዊስቲን አልነበረም።

ወጣት ሳለ ቀን ቀን መርከብ መጠገኛው ውስጥ የመርከብ ሆድ ዝገት በመዶሻ ሲያራግፍ ይውላል። ማታ ማታ ደግሞ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ለቅዱሱ በዓል ርችት ይሠራል። መዶሻው ግራ ጆሮውን ወሰደው፤ ርችቱ የቀኙን አብዛኛውን። ሐል ቡሌት ውስጥ ጆሮ ማጣት ነውር አይደለም፤ ርችት የሠራ ሰው ሁሉ “ምን አልክ?” እያለ ነው የሚያረጀው። ዊስቲን የሚያውቃቸውን ሰዎች ከንፈር እያነበበ ይግባባል። የባዕድ ዘፋኝን ከንፈር ግን ማን ያነባል? ሐኪም ቤት የሰጡትን የመስሚያ መሣሪያ አንድ ጊዜ ክበብ ውስጥ ቢሰካው፣ ብርጭቆውም ወንበሩም ሳቁም ተደባልቆ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ተንኳኳበት። አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሰው ሲጠይቀው “ቀኙ ለዘፈን ይበቃኛል” ይላል።

የሚበቃው ለዘፈን ሳይሆን ለቼንሳ ነበር። አንድ ዓመት ስለ አንዲት ዘፋኝ ጆሮው ላይ ያንሾካሾከችለትን ቃል ሳያስበው ጮክ ብሎ ደገመው፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ የእሷ ሥራ ማንሾካሾክ፣ የእሱ ሥራ ማወጅ ሆነ። “ለምን ራስሽ አትናገሪውም?” ቢላት፣ “ሴት ከተናገረችው ምቀኝነት ይሉታል፤ አንተ ከተናገርከው ፍርድ ነው” አለችው። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲሆን ማንም አልነቃብንም ብሎ ያምን ነበር። አንድ ነገር ብቻ ያስገርመው ነበር፤ የሰዉ ትከሻ በሳቅ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው እሱ አፉን ሳይከፍት ነው። ፊቴን አይተው ነው፣ ስመ ጥር ሆኜ ነው፣ ይል ነበር።

ቼንሳ በየካቲት ሞተች። ሕመሟ አጭር ነበር። ስትሞት አጠገቧ የነበረው እሱ ነው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቷል፣ ምን እንዳለች ግን ማንበብ አልቻለም። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ግንቦት ሲደርስ ክበቡ ውስጥ ወሬ ተነሣ። ሜሊታ ዘራፋ፣ በመነኮሳቱ ትምህርት ቤት አስተምራ ጡረታ የወጣችው ጎረቤቱ፣ ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀረበች። ሜሊታ በዕድሜዋ ያልወደደችው ዘፈን የለም። ሁሉንም “ደስ ይላል” ነው የምትለው፤ የወደቀ ገንፎም ደስ ይላታል።

“ዘንድሮ ለቼንሳ ክብር ስንል ማንም አስተያየት ሳይሰጥ በጸጥታ እንይ” አለች።

የክበቡን ባንኮኒ የሚያስተዳድረው ናርዱ ይህን ሊነግረው ቤቱ ድረስ መጣ። የዊስቲን በር ደወል ከአምፖል ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰው ሲደውል ሳሎኑ ብልጭ ይላል።

“በጸጥታ?” አለ ዊስቲን፣ የናርዱን ከንፈር አይቶ። “ቼንሳን? ሴትዮዋ አብዳለች!”

“ታዲያ ምን እንበላት?”

“እመጣለሁ በላት። እፈርዳለሁ በላት።”

በሩን ከዘጋ በኋላ ግን ማሰብ ጀመረ። በምን ጆሮ ነው የሚፈርደው? ቢቀር ደግሞ በዚያ ክፍል የቼንሳ ንግግር አበቃለት፤ እሷን ሁለተኛ መቅበር ነው፤ ያውም ሜሊታ “ደስ ይላል” እያለች አፈር ስትመልስባት። ቢሄድና ቢነቃበት ግን የሃያ ዓመቱ ዳኛ ደንቆሮ ነበር ተብሎ የልጅ መጫወቻ ይሆናል። ቢሆንም ሸሚዙን ተኩሶ ሄደ።

ክበቡ ጢም ብሏል። ፓስቲዚ የሚባለው በአይብ የተሞላ ትኩስ ቂጣ በትሪ ይዞራል፤ አይቡ ከየቂጣው ጠርዝ እየፈሰሰ ጣት ያቃጥላል። የቼንሳ ወንበር ባዶ ነው፤ ማንም አልደፈረውም።

“አጎቴ ዊስቲን፣ ዘንድሮ በማን ይጀምራሉ?” አለው አንድ የባንዱ ጥሩምባ ነፊ።

“በመጀመሪያው ጥፋተኛ ነው የሚጀመረው።”

የመጀመሪያው ከላይ እስከ ታች ወርቃማ የለበሰ ሰው ነበር። ዊስቲን ዓይኑን አጠበበ። “የመቅደስ መጋረጃ ሰርቆ ሱፍ አሰፍቷል!” አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ። ሁለተኛዋን ስድስት ወንዶች ተሸክመው እየዘለሉ አመጧት። “ዘፈኑ ምን ቢከብድ ነው ይሄ ሁሉ አሸካሚ?” አለ። ይሄ ጥሩ ሳቅ አገኘ። ናርዱም ባንኮኒውን በመዳፉ መታ። ዊስቲን ትንሽ ተነፈሰ። ዘፈን ለካ በዓይንም ይታረዳል፤ ጆሮ ትርፍ ዕቃ ነው እንዴ አሰኘው።

ቀጥላ የላትቪያዋ መጣች፤ ጥቁር የለበሰች፣ ባዶ እግሯን። መሀል መድረክ ተንበረከከች። ጀርባዋ ያለው መጋረጃ ደም መሰለ። አፏን በረገደችው፤ የአንገቷ ሥር ገመድ ሆነ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ጣቶቿ ተጣመሙ። እንደዚያ እንዳለች ቆየች፤ በጣም ቆየች። ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። ዊስቲን በልቡ ጊዜው አሁን ነው አለ።

“ኧረ ጩኸት!” ብሎ ደነፋ። “በዚህ ጩኸት የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ይሰነጠቃል! አንድ ሰው አፏ ውስጥ ጨርቅ ይጠቅጥቅላት!”

የሳቀ የለም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ፓስቲዚ ያነሣው ጥሩምባ ነፊ እጁ አየር ላይ ቀረ። ዊስቲን ከፊት ወደ ፊት እያየ አንድ የሚያነበው ከንፈር ፈለገ። በመጨረሻ ናርዱ ከባንኮኒው ኋላ ወጥቶ ፊቱ ቆመና ቀስ ብሎ አፉን እያንቀሳቀሰ ነገረው።

“ድምፅ የላትም፣ ዊስቲን። አፏን ከፍታ ዝም ነው ያለችው። እንደዚያ ነው ዘፈኑ። ቤቱ ውስጥ ዝንብ ይሰማ ነበር።”

ዊስቲን ቆቡን አነሣ፤ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ይህንን ቀን ሃያ ዓመት ሲፈራው ኖሯል። ሲመጣ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ ቀደመ።

“እንግዲያው ስሙ” አለ ቆሞ። “እዚህ ቤት ዘፈን ሰምቼ አላውቅም። አንድም! የስዊድኑን ጥርስ ያለችው ቼንሳ ናት። ማራገቢያውም፣ ብስኩቱም፣ አልቃሹም የእሷ ነው። እኔ ጆሮዬ ላይ የምታንሾካሹክልኝን የማስተጋባ ድምፅ ማጉያ ነበርኩ። አታለልኳችሁ። በሉ አሁን ሳቁ!”

ሳቁ። ናርዱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ዊስቲን ፊቱ ሲግል ናርዱ ትከሻውን ያዘውና በደህናው ጆሮው ላይ ጮኸ።

“እናውቃለን እኮ!”

“ምኑን?”

“አንተ ሰውዬ! ደንቆሮ ጆሮ ላይ ማንሾካሾክ ምን ማለት ይመስልሃል? ቼንሳ ስታንሾካሹክ አደባባዩ ድረስ ይሰማ ነበር! ቄሱ ቤታቸው ሆነው ሰምተው በማግስቱ ስብከት ላይ ይስቁ ነበር!”

“ታዲያ የምትስቁት...”

“ሁለቴ ነበር የምንስቀው። አንዴ እሷ ስትለው። ሁለተኛ አንተ እንደ አዲስ ነገር ፊትህን አኮሳትረህ ስትደግመው። ሁለተኛው ይበልጥ ነበር!”

ዊስቲን ተቀመጠ። የትከሻዎቹ መንቀጥቀጥ፣ አፉን ሳይከፍት የሚጀምረው ሳቅ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣበት። ሃያ ዓመት ሙሉ የቤቱ አላዋቂ እሱ ብቻ ነበር። ሚስቱ የምታወራው ለእሱ ብቻ መስሎት ነበር፤ ለካ ለአደባባዩ ሁሉ ታወራ ኖሯል። ይህ መሳቂያ ከመሆኑ ይልቅ አመመው። ቀጥሎ ደግሞ የሚያምመው ይህ ብቻ መሆኑ ደነቀው። ሁሉም ሰምተዋታል። ስድቧ በእሷ ድምፅ፣ በእሷ ቃና፣ እዚህ በተቀመጠው ሰው ሁሉ ጆሮ ውስጥ አለ። ድምፅዋን በስድቡ እንዳይጠፋ አድርጋ ተክላዋለች፤ እሱ ከሁሉም ያነሰውን ነበር የሰማው።

በዚህ መሀል የማይደፈረው ወንበር ተደፈረ። ሜሊታ ዘራፋ መጥታ በቀኙ ተቀመጠች። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ወንድማማቾች ጊታር ይዘው ይዘፍኑ ነበር። ሜሊታ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ የአርባ ዓመት የመምህርነት ድምፅዋን አውጥታ፦

“ደስ ይላል! ስለ እናታቸው ነው!”

ዊስቲን እንደ ተቃጠለ ሰው ዞረ። “ደስ ይላል ማለት ምን ማለት ነው? ሴትዮ፣ ጆሮ ተሰጥቶሽ ይሄን ነው የምታመጪልኝ? ፈጣን ነው ቀርፋፋ?”

“ቀርፋፋ!”

“በጉሮሮ ነው በአፍንጫ?”

ሜሊታ አሰበች። “ትልቁ በጉሮሮ፣ ትንሹ በአፍንጫ!”

“እናታቸው በሕይወት አለች?”

“አለች! አዳራሹ ውስጥ ናት፤ አሁን አሳዩዋት!”

ዊስቲን ፊቱን አኮሳተረ። ትከሻ የሚንቀጠቀጥ የለም፤ ገና የሚሳቅበት አልተነገረምና።

“በቁሟ ሙት ዓመቷን እያወጡላት ነው!” አለ። “ትንሹማ ጉንፋኑን ከእናቱ ነው የወረሰው!”

ሳቁ ከቃሉ በኋላ መጣ። ዊስቲን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛው ቦታ አየው። አባባሉ የቼንሳን ያህል ስል አልነበረም። እሷ ብትሆን “ጉንፋን”ን አስቀድማ እናትየዋን በመጨረሻ ታመጣት ነበር፤ ይህን ከሰው ሁሉ በፊት ያወቀው እሱ ነው። በሚቀጥለው አስተካከለው።

ማልታን የወከለችው ልጅ ከገመድ ዥዋዥዌ ላይ ሆና ስትዘፍን ሜሊታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ “ይቺስ የኛ ናት፣ ይቺን ተው!” ብላ ጮኸች።

“የኛ ስለሆነች ነው!” አለ ዊስቲን። “መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ከፍ ይላል?”

“ይላል!”

“አውቄያለሁ። ዘፈኑ አልሄድ ሲላት ደረጃ ወጣች። ባዕድ ሳይሰድባት እኛ እንቅደም!”

አብዛኛው ሰው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አብሮት አለው።

ከዚያ ነጥብ መቁጠር ተጀመረ። ማልታ መጀመሪያ አልተጠራችም፤ ከዚያ ትንሽ ተጠራች፤ ከዚያ ሳይታሰብ ከአንዲት ሀገር ትልቁ ነጥብ መጣላት። ክበቡ ከወንበሩ ተነሣ። ሜሊታም እልል ብላ የዊስቲንን አንጓ አፈፍ አድርጋ ያዘችው። ዊስቲን ወደ እጇ ተመለከተ። ጥፍሯ የአስተማሪ ጥፍር ነው፤ አጭር፣ የተሞረደ።

“እጄን ልቀቂ” አላት። “እኔ የሰጠሁሽ ጆሮዬን ነው።”