ነጠላ ያዘቀዘቁት መሪ

ቢልልኝ እባላለሁ፤ ሱዳን፣ አል-ማንሺያ ሰፈር ውስጥ የኡስታዝ በሽር ቤት ዘበኛ ነኝ። ኡስታዝ በሽር ለጋዜጣ ካርቱን ይስላል። ግድቡና ድንበሩ አገሬንና ሱዳንን ባናከሱ ሰሞን የእኛን መሪ በየቀኑ ይስላቸው ነበር፤ አንድ ቀን የውሃ ቧንቧ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ሌላ ቀን ዓባይን በጣሳ ሲጨልጡ። እኔም እሑድ እሑድ ካላክላ ሰፈር ወዳለው የሐበሾች እድራችን እየሄድኩ ጋዜጣውን አውለበልብና “ተደፈርን!” እላለሁ። ዘመዶቼ ከአዲስ አበባ በስልክ የሚልኩልኝ የሱዳኑ መሪ ሥዕልማ ጥምጣሙ ጎተራ ያህላል፤ በእሱ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። እሱ ጥበብ ነው።

ሰው ሲያጨበጭብልኝ ጊዜ ጣፈጠኝና ለእድሩ ሊቀመንበርነት ከባለሱቁ ከሻምበል ጋር ተወዳደርኩ። ዕድሜዬን የሰው በር ስከፍትና ስዘጋ ኖሬያለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ “የተከበሩ” መባል አማረኝ።

ምርጫው በደረሰበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት ነጠላዬን እንደለበስኩ ከለቅሶ ስመለስ ኡስታዝ በረንዳው ላይ ይስላል። መሪያችንን ነጠላ አልብሷቸዋል፤ ግን ከመታጠቢያ ቤት የወጡ ነው የሚመስሉት። ስድቡን ለምጄዋለሁ፤ ስህተቱን ግን አልቻልኩም።

“ኡስታዝ፣ ነጠላ እንዲህ አይለበስም!”

“ታዲያ እንዴት ነው፣ ያ ቢልልኝ? ያላ፣ በል ተቀመጥና አሳየኝ።”

ወንበር ሳበልኝ። በዚያ ቤት ወንበር ሲቀርብልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ደረቴን ነፍቼ፣ አገጬን ቀና አድርጌ፣ አገር እንደሚገዛ ሰው ተቀመጥኩ።

እሑድ እድርተኛው ለምርጫው ተሰበሰበ። እንደ ልማዴ ጋዜጣውን ከፍ አደረግኩት።

“ወገኖቼ፣ ንቀቱን እዩ! ጥለቱን አንገታቸው ላይ አውጥተው ነጠላውን አዘቅዝቀውባቸዋል። መሪያችንን ለቅሶ አስቀመጧቸው! ይህን የሳለ ሰው ስለ ነጠላ ምን ያውቃል?”

ሻምበል መነጽሩን አደረገ። ጋዜጣውን አየ፤ እኔን አየ።

“አዘቃዘቁስ ልክ ነው” አለ። “ዋላሂ፣ ይህን ያሳየው ከለቅሶ የመጣ ሐበሻ ነው። ማክሰኞ ደግሞ ለቅሶ የነበርነው እኛው ነን። ለመሆኑ እነዚህ ጆሮዎች የማን ናቸው?”

ሰው ሁሉ ወደ ጆሮዬ ዞረ። እናቴ እንኳ ከሩቅ የምትለየኝ በእነሱ ነበር። ለካ የማክሰኞ ዕለት ነጠላዬን ሳልገለብጥ ነው የተቀመጥኩት! ሚስቴ ወለተሥላሴ ከሴቶቹ መሃል አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትንቀጠቀጣለች። ያለቀሰችልኝ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። ሻምበል ተመረጠ፤ ለእኔ የተሰጠችው አንዲት ድምፅ የራሴ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ ወጥቼ ጮህኩ።

“ኡስታዝ፣ አዋረዱኝ! በእርስዎ ጀሪዳ፣ በዚያ ጋዜጣ ምክንያት ሊቀመንበርነቱ አመለጠኝ!”

የሆነውን ሁሉ ስነግረው ከልቡ አዘነ።

“ማዕለሽ፣ ይቅርታ፣ ያ ቢልልኝ። የለቅሶ መሆኑን በምን አውቄ?” አለና እርሳሱን አነሳ። “የደስታውስ እንዴት ነው የሚለበሰው?”

ወንበሩንም ሳበልኝ።

ጥዬው ልሄድ ነበር። እውነቴን ነው፣ አንድ እግሬ ደረጃው ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሊቀመንበርነቱ ለሻምበል ሄዷል፤ ከዚህ ወዲያ ወንበር የሚስብልኝ ማን አለ? ነጠላዬን አራግፌ ጥለቱን ወደ ታች መለስኩና ተቀመጥኩ።

“ጆሮውን ግን” አልኩት፣ “ትንሽ ቢቀንሱልኝ።”