ጸጉሯን ያደረቋት ላም

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፣ መስቀል አልፏል፣ እኔ ገና መኪና አልነበረኝም። ከዚያ ወዲያ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ ከስቴት ፌር፣ ከዚያ ዓመታዊ የከብትና የጨዋታ ትርኢት፣ ስትመለስ መጥታ አንገቴ ላይ ባትጠመጠም ኖሮ ይህንንም አላነሳውም ነበር። ጃኬቷ ዘይት ዘይት፣ አቧራ አቧራ፣ ከሥሩ ደግሞ ቅቤ የነካው በቆሎ ይሸታል።

«አባባ፣ ላሙ ሻወር ወሰደ! ከዛ ጸጉሩን ድራይ አደረጉት!» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

እንዴት እንደማውቅ አልጠየቀችኝም፤ ሮጣ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ሽታው አፍንጫዬ ላይ እንዳለ ወንበሬ ላይ ቀረሁ።

በዚያን ጊዜ ዳላስ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነበርኩ። ከሁለት ወጣት የአገሬ ልጆች ጋር ተዳብዬ አንድ አፓርታማ እኖራለሁ። ትምህርት እንደ ሰው አልገፋሁም፤ የማውቀው ነገር ቢኖር እትዬ ያስተማረችኝ ነው። እትዬ የምልህ ታላቅ እህቴን ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ጡት አልጣልኩም ነበር አሉ፤ እሷ ናት ያሳደገችኝ። ኑሮዋ ደሴ ነው። ቤቷ ስልክ የለም፣ ጎረቤቷ ቤት ግን አለ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚህ ጠዋት ሆኖ እዚያ ሊመሽ ሲል፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ጎረቤት ትሄድና ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።

የስልክ ካርድ ደግሞ ቶሎ ነው የሚያልቀው። ሶ፣ ምን አደርግ ነበር መሰለህ፣ ሳምንቱን ሙሉ የምነግራትን ነገር አስቀምጥላት ነበር። ስለ ሥራ፣ ስለ ብርድ አላወራትም። የሚያስቃትን ነው የምፈልገው። ውሻቸውን ካፖርት አልብሰው ስለሚያንሸራሽሩት አሮጊት፣ ማቆሚያው ውስጥ መኪናውን የት እንዳቆመ ጠፍቶት ከፎቅ ፎቅ ሲዞር ስለዋለው ጠበቃ። እትዬ ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራታል። «በቃ፣ በቃ፣ ልትገድለኝ ነው ማሙሽ» ትለኛለች። ሽበት የጀመረኝን ሰውዬ ማሙሽ ነበር የምትለኝ።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ባነሳው ድምፅ የለውም።

«ተበላሽቷል» አለኝ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ። ቴሌቪዥኑ ግን አልተከፈተም ነበር።

ወዲያው ጓደኛዬ መጣ። ይሄ ጓደኛዬ በዕድሜ ጥቂት ይበልጠኛል፤ ከሱዳን ጀምሮ የምንተዋወቅ ነን። አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፣ ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ሪቻርድሰን ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ቅዳሜ ደግሞ ለሱ ዋና የሥራ ቀን ነው።

«ተነስ፣ ልበስ። ስቴት ፌር እንሄዳለን» አለኝ።

«ሥራስ?»

«ኦፍ ጠይቄ ነው። ተነስ እንጂ አንተ ሰው፣ ፓርኪንግ ሳይሞላ!»

«ኧረ ስልክ ልደውል ነው። ቅዳሜ አይደለም እንዴ?»

«እዚያ ስልክ ሞልቷል» አለኝና ጫማዬን በእጁ አንስቶ አቀበለኝ።

እንግዲህ ልንገርህ እንጂ ምን አቆየኝ። እትዬ ሐሙስ ዕለት ዐርፋ ነበር። ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቃል። የተደወለው ለጓደኛዬ ነው። መርዶ ለብቸኛ ሰው አይነገርም፣ ማታ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው። እዚህ አገር ደግሞ ሰው የሚሰበሰበው ሥራ በሌለው ቀን ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ ጠዋት ይሁን አሉ። እስከዚያ ቅዳሜን የሚያሳልፍልኝ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ቅዳሜ እንደምደውል ሁሉም ያውቃላ። ስልኩን ልጆቹ ነቀሉት። እኔን ይዞ እንዲውል ደግሞ ጓደኛዬ ተመረጠ። የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ያ ሰው ውሸት አያውቅም። ካርታ ሲጫወት እንኳ ጥሩ ቁጥር ሲደርሰው ጆሮው ይቀላል።

ቫኑ ውስጥ ገባን። ሁልጊዜ ሲነዳ ካሴት ይከፍታል፣ መሪውን በጣቱ እየመታ ያጅባል። በዚያን ቀን ካሴቱ አልነበረም፤ ቦታው ባዶ አፉን ከፍቶ ያየኛል። «ምነው ዘፈኑ?» ስለው «ቴፑ ካሴት እየበላ ነው» አለኝ። ጆሮው ቀላ። እኔ ስለ ቴፑ ያፈረ መሰለኝ።

ፌሩ ስንደርስ ፀሐዩ ገና ለስላሳ ነው። በር ላይ ስትገባ ያ የካውቦይ አሻንጉሊት አለ፤ ቁመቱ ፎቅ የሚያክል፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ አፉ የሚንቀሳቀስ። በትልቅ ድምፅ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል። ከሥሩ ሕፃናት ይንጫጫሉ፣ ከወዲያ ማዶ መጫወቻው ላይ ሰው ተሰቅሎ ሲወረወር ይጮኻል፣ የዘይት ጭስ በየዳሱ ይንጠለጠላል።

ጓደኛዬ ገና እንደገባን ይመግበኝ ጀመር። በቆሎውን ልጣጩን ወደ ኋላ መልሰው እንደ እጀታ ይይዙልሃል፣ ከዚያ ቅቤ ውስጥ ይነክሩታል። «ብላ» አለኝ። በላሁ። እንጨት ላይ የተሰካ ቋሊማ አየና ሻጩን አሥር ጊዜ ጠየቀው፣ የአሳማ መሆኑን ሲሰማ አማተበ። ከዚያ ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ወፍ እግር ይዞልኝ መጣ። የሕፃን ክንድ ያክላል።

«ይሄ ዶሮ ነው ወይስ ግመል?» አልኩት።

«ምንም ይሁን፣ ብላ። ሆድህን ሞላ አድርግ።»

«አንተስ?»

«እኔ በልቻለሁ» አለኝ። ጆሮው እንደገና ቀላ።

ለምን እንደዚያ ይመግበኝ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። መርዶ የተነገረው ሰው እህል ወደ አፉ ለማድረስ ቀናት ይፈጅበታል። አስቀድሞ ሊያጠግበኝ ነበር። በየመሀሉ ሰዓቴን አያለሁ፣ ደሴ እየመሸ ነው፣ እትዬ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች እያልኩ። «ስልኩስ?» እለዋለሁ። «ኦኬ፣ ኦኬ፣ መጀመሪያ ከብቶቹን እንይ» ይለኛል።

ከብቶቹ ያሉበት አዳራሽ ጥላ ነው፤ አዲስ ሰጋቱራና ሞቅ ያለ ፋንድያ ይሸታል። እዚያ ነው ላሟን ያየኋት። ጥቁር ናት፣ ልጅ እግር። አንዲት ወፍራም ሴትዮ በሻምፑ አጠበቻት፣ ከዚያ ቱቦ ያለው ጸጉር ማድረቂያ አምጥታ ከጀርባዋ እስከ ጭራዋ ታደርቃት ጀመር። በሌላ እጇ ታበጥራታለች። ላሟ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ልክ ውበት ሳሎን እንደተቀመጠች እመቤት ትጠብቃለች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የጭራዋን ጫፍ ነፋ ነፋ አደረገችውና ከላዩ የጸጉር ስፕሬይ ረጨችበት።

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። «ስፕሬይ! ለላም! ይሄን ለእትዬ ሳልነግራት አልውልም» አልኩና ወደ በሩ ሄድኩ። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተሰለፉ የሕዝብ ስልኮች ነበሩ። ካርዴን አወጣሁ፣ ቁጥሩን መታሁ፣ ጓደኛዬ ከኋላዬ ሲሮጥ ይሰማኛል። መጥራት ሊጀምር ሲል እጁን ከትከሻዬ በላይ አሳልፎ መዝጊያውን በመዳፉ ተጫነው።

«ነገ እንደውላለን» አለኝ። «አብረን።»

ዞሬ አየሁት። ጆሮው አልቀላም፤ ፊቱ እንዳለ አመድ መስሏል፣ ከንፈሩ ላይ ላብ አለ። መዳፉን ከስልኩ አላነሳም።

ያኔ አወቅሁ።

ምን እንደተሰማኝ ብትጠይቀኝ ምንም ነው የምልህ። ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ የገባ መሰለኝ። ማድረቂያው ከወዲያ ይነፋል፣ ሰው ይስቃል፣ ሁሉም ከሩቅ ነው። የስልኩን እጀታ የያዘውን እጄን ሳየው የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። እጀታውን ቀስ ብዬ ቦታው መለስኩት። ልጠይቀው እችል ነበር። አፌን ብከፍት እሱ እንደማይችል አውቃለሁ፣ እዚያው ፋንድያው ላይ ይነግረኝ ነበር። ግን ማንም እስካልነገረኝ ድረስ እትዬ ጎረቤት ቤት ቁጭ ብላለች። እስከ ነገ ጠዋት ትቀመጥ አልኩ በልቤ።

«ና እዚያ ላይ እንውጣ» አልኩት፣ ሰው አሳፍሮ ወደ ላይ የሚያወጣውን ትልቁን መሽከርከሪያ እያሳየሁት። ስልክ የሌለበት ቦታ ነበር የፈለግሁት።

ጓደኛዬ ከፍታ ይፈራል። መንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳል እንጂ አውሮፕላን ሲያልፍ እንኳ ቀና ብሎ አያይም። «እዚያ ላይ? እኔ?» አለ። ከዚያ ፊቴን አየና ተከተለኝ።

ስንነሳ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ። «በስመ አብ» ይላል፣ እንደገና ይጀምረዋል። ጫፍ ላይ ስንደርስ ወንበሩ ቆመ፣ ነፋሱ ቀስ ብሎ ያወዛውዘናል። ከታች ያ የካውቦይ አሻንጉሊት አፉን ይከፍታል፣ ድምፁ አይደርስም። ከወዲያ የመሀል ከተማው ሕንፃዎች ቆመዋል፤ ሥራ ቦታዬን ፈለግሁት፣ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሐዘን እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም።

ዝም ብዬ መቀመጥ ደግሞ አልሆነልኝም። ያቺን ላም ለሰው መንገር ነበረብኝ። ሶ፣ ለሱ ነገርኩት። አብሮኝ ያየውን ሰውዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ልክ በስልክ ለእትዬ እንደምነግራት አድርጌ። ሴትዮዋ እንዴት እንዳጠበቻት፣ ላሟ እንዴት አንገቷን ዘንበል እንዳደረገች። «ጭራዋንማ ካስተካከለች በኋላ፣ እህቴ ትሙት፣ መስተዋት ልታሳያት ነው ብዬ ነበር» አልኩ።

አፌ የለመደው መሐላ ነው። እንደ ዘበት ወጣ።

እሱ ዓይኑን እንደጨፈነ መሳቅ ጀመረ። እየሳቀ እንባው በጉንጩ ወረደ፤ እንዳይጠርገው እጁን ከብረቱ ላይ ማንሳት ይፈራል። እንባው እስከ አገጩ ወርዶ እጄ ላይ ጠብ አለ። እኔ ዓይኔ ደረቅ ነበር።

ማታ ሚስቱ እራት አበላችኝ፤ ያን ሁሉ በልቼ መዋሌን እያወቀች በላይ በላዩ ታጎርሰኛለች። ጣዕም አልነበረውም፣ ግን ጎረስኩላቸው። ሶፋቸው ላይ ተኛሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ።

ማለዳ ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ ሸሚዜን ቆልፌ ቁጭ አልኩ። በሩ ተንኳኳ። ሳሎኑ በሰው ሞላ፤ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከሌሊት ሥራ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ የመጡ። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ እንግዲህ ሰው ነህና ትችለዋለህ። እህትህ ዐርፈዋል።»

«አዎ» አልኩ።

ሴቶቹ ጮኹ። ሁሉም አለቀሰ፣ እኔ የግድግዳውን ቀለም አያለሁ። ቆይቶ ሰዎቹ ልብ አሉኝ። «ኧረ አልቅስ! ውስጥህ ይቀርብሃል!» አለች አንዷ። «ደንዝዟል፣ ውኃ አምጡለት» አለች ሌላዋ። ሽማግሌው ፊቴን በጥርጣሬ ያዩኝ ጀመር። ያሳደገችው እህቱ ሞታ የማያለቅስ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ እንዳሉ ይሰማኛል። ባለቅስ ደስ ባለኝ። ከየት ላምጣው?

ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ተዉት» አለ። «ትናንት ሲያለቅስ ነው የዋለው። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ጆሮውን አየሁት። አልቀላም። ያ ውሸት የማያውቅ ሰው፣ ሁሉም ውሸት እንደማያውቅ ስለሚያውቁ፣ ቃሉን አመኑት። «እሰይ፣ ወጥቶለታል» አሉና ተዉኝ። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፣ ትከሻው ትከሻዬን ነክቶ፣ ሰው እስኪበተን አልተነሳም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖርን። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አሁን ሳክሲ የምትባል ትንሽ ከተማ ልጄ ቤት ነኝ። ስለዚያ ቅዳሜ ሁለታችንም አንስተን አናውቅም። አንዳንዴ ብቻ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሚስቱ ጸጉሯን ተሠርታ ስትመጣ፣ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ስፕሬይ ቀርቷታል» ይለኝ ነበር። ሌላው ሰው ምን እንደሚያስቀን አያውቅም ነበር።

የሱን መርዶ ማንም አላረዳኝም። መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠች፤ ከልጁ የመጣ ጽሑፍ ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ ሁለት መስመር። አንብቤ ስልኬን ኪሴ መለስኩና መድኃኒቴን ተቀበልኩ። ቤት ስገባ ልጄ «አባዬ፣ ምነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። የሰጠችኝን ሁሉ በላሁ። እስኪነጋ ለማንም አልነገርኩም፤ እስኪነጋ ድረስ ሪቻርድሰን ቤቱ ተቀምጦ ነበር።

በማለዳ ፊቴን ታጥቤ ሸሚዜን ቆለፍኩ። ልጄን ጠራኋትና አጠገቤ አስቀመጥኳት፣ እጇን ያዝኩ፣ ነገርኳት።

ስሙ አበራ ነበር።