ለሰው ፊት የተዋጠ ክኒን

ወንድም ጋሼ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። ልብስ ሰፊ ነው፤ አንዱ ደንበኛ «ለነገ አድርስልኝ» ሲለው «እሺ»፣ ሌላው «ለዛሬ» ሲለው እሱንም «እሺ»። «አንተ ሰውዬ፣ ስንት እጅ ነው ያለህ?» ስለው ይስቃል። ደግ አይበረክትም ይባላል፤ እኔ ግን ሰው የሚጨርሰው ይሉኝታ ነው እላለሁ። እንዴት እንደሚያናድደኝ!

ሰሞኑን ጉንፋን ያዘውና ራሱን ይፈልጠው ጀመር። አብሮት የሚሠራው ልብስ ተኳሽ ካውያውን እያስቀመጠ የጉንፋን ክኒን ያቀብለዋል፤ ውሃ ይዞ እስኪውጥ ድረስ እፊቱ ይቆማል። ቤት ሲገባ ደግሞ አከራዩ እትዬ በር ላይ ይይዙታል። «እኔ እናትህ እያለሁልህማ በራስ ምታት አትሠቃይም» ብለው ማስታገሻ ይሰጡታል፤ እሱንም ይውጥላቸዋል። እንቅልፍ እምቢ ስለሚለው ሐኪም ያዘዘለት የእንቅልፍ ክኒንም አለው፣ እሱንም አልተወ። አንደኛው የሌላውን መስጠት አያውቅም። እሱም «ወስጃለሁ ብላቸው ይቀየሙኛል» ብሎ ትንፍሽ አላለም።

አንድ ቀን ጠዋት ስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ እንቅልፍ ጣለው። መርፌው ጣቱን ሲበሳው እንኳ አልነቃም። ተኳሹ ደውሎልኝ ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው።

ሐኪሟ «ምን ምን ወስደሃል?» አለችው። ዓይኑን በግድ ገለጠ። ተኳሹ በግርጌ፣ ሰምተው የመጡት እትዬ በራስጌ ቆመዋል።

«የእንቅልፉን ብቻ» አላት።

በእነሱ ፊት እንዴት አድርጎ ይናገር! እነሱም የጉንፋን ክኒንና ማስታገሻን ከመድኃኒት አይቆጥሩትም መሰለኝ፣ ዝም አሉ። እኔም አመንኩት።

በማግስቱ እዚያው ሐኪም ቤት እንደተኛ ያስመልሰው ጀመር፤ ዓይኑም ቢጫ ሆነ። ያኔ በይሉኝታ የደበቀው ነገር እንዳለ ገብቶኝ ደሜ ፈላ። ሁሉንም አስወጥቼ በሩን ዘጋሁና «ንገረኝ! ለማን ብለህ ነው የምትሞተው?» ብዬ ጮህኩበት። ነገረኝ።

ሐኪሟ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። የእትዬ ማስታገሻ ለካ የጉንፋኑ ክኒን ውስጥም አለበት፤ ሳያውቀው እጥፍ ድርብ ሲውጥ ሰንብቷል። በዚያ ላይ የጉንፋኑ ክኒን የሚያደነዝዝ የአለርጂ መድኃኒት አለበት፤ ከእንቅልፉ ክኒን ጋር ሲደራረብ ነው ጥሎት የነበረው።

«ጉበቱ ክፉኛ ተጎድቷል» አለችኝ። «ማርከሻ አለው፣ አሁኑኑ እንጀምርለታለን። እንደመጣችሁ ብንሰጠው ኖሮ ግን...»

የቀረውን አልሰማሁም። ፈጣሪዬ፣ ከእሱ ሌላ ማን አለኝ!

ተኳሹ ለካ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። ገብቶ አልጋው ላይ ተደፋ። «እኔ ነኝ የገደልኩህ፣ በእጄ ነው ያጎረስኩህ!» እያለ ይንሰቀሰቃል። ወንድም ጋሼ ቀና ለማለት እንኳ አቅም አልነበረውም።

«ኧረ ተው» አለው በደረቀ ከንፈሩ፣ «ያንተው ክኒን እኮ ነው ትንሽ ያሻለኝ።»